ገንቢ በቆሎ ለሕፃናት፦ ከማሳ እስከ ገንፎ ድስት

የእርሻ ምርምር ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በኩንታል ነው። ይሁን እንጂ ምርምሩ ለገበሬው ቤተሰብ ምን ጠቀመ ሲባል፣ ከጎተራው ሌላ የሕፃኑም ዕድገት መታየት ይኖርበታል። በቆሎ ዋነኛ ምግብ በሆነባቸው አካባቢዎች ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ከእናት ጡት ጋር የሚጀምረው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ የበቆሎ አጥሚት ወይም ገንፎ ነው። ይህ ምግብ ሆዱን ይሞላል፤ ሰውነቱን ግን በሚገባ አይገነባም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉድለቱን ለመቀነስ ምርምር ያስገኘውን በቆሎ ማስተዋወቅና የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊያደርጉ የሚገባቸውን መግለጽ ነው።

የተራ በቆሎ ጉድለት

በቆሎ ኃይል ሰጪ እህል ነው፤ ፕሮቲንም አለው። ነገር ግን ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉ የፕሮቲን ክፍሎች በበቆሎ ውስጥ አነስተኛ ናቸው። አዋቂ ሰው ጉድለቱን ከሽሮ፣ ከባቄላ ወይም ከወተት ያሟላል። የሕፃን ሆድ ግን ትንሽ ነው፤ በገንፎ ከተሞላ ለሌላ ምግብ ቦታ አይተርፈውም።

ምርምሩ የተጓዘበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የበቆሎ ዓይነት ከተራው በእጅጉ የበለጠ ላይሲን እንዳለው አስታወቁ። ይሁን እንጂ ፍሬው ለስላሳ በመሆኑ ነቀዝ ያጠቃው ነበር፤ ምርቱም ዝቅተኛ ነበር። በሜክሲኮ የዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ተመራማሪዎች የሆኑት ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪሌጋስ ለብዙ ዓመታት ደክመው ፍሬው ጠንካራ፣ ምርቱም ከተራው የማያንስ በቆሎ አስገኙ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2001 ቢ.ኤች.ኪው.ፒ. 542 የተባለው ድቅል ዝርያ ከባኮ ተለቀቀ። በ2008 ደግሞ ለዝናብ አጠር አካባቢዎች መልካሳ 6 ኪው ተከተለ። ከዚያም ወዲህ ለደጋው ጭምር ሌሎች ዝርያዎች ተለቅቀዋል። እነዚህን ዝርያዎች በዚህ ጽሑፍ ገንቢ በቆሎ እያልን እንጠራቸዋለን። የላይሲናቸውና የትሪፕቶፋናቸው መጠን ከተራው በቆሎ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ለሕፃናት ያስገኘው ጥቅም

በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ሙከራዎችን ያጠቃለለና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ በቆሎ ዋና ምግባቸው ከሆነ ማኅበረሰቦች መካከል መጠነኛ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት ተመልክቷል። ገንቢ በቆሎ የተመገቡት ተራውን ከተመገቡት ይልቅ የክብደት ዕድገታቸው 12 በመቶ፣ የቁመት ዕድገታቸው ደግሞ 9 በመቶ ፈጥኖ ተገኝቷል። በወለጋ በተካሄደ ጥናትም ገንቢ በቆሎ ለልጆች ክብደት ጠቃሚ መሆኑ ታይቷል።

ሦስት ጊዜ መለየት

ይህ ጥቅም ሕፃኑ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ሊቀር ይችላል። ገንቢ በቆሎ በዓይን ሲታይ ከተራው አይለይም፤ አንዴ ከተቀላቀለ ማንም ለቅሞ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ሦስት ጊዜ መለየት ያስፈልጋል።

ሀ) በማሳ፦ ከተራ በቆሎ ማሳ በነፋስ የሚመጣ የአበባ ዱቄት ያረፈበት ፍሬ ገንቢነቱን ያጣል። የሚበዛው በማሳው ዳር ላይ ነው። በመሆኑም የጎረቤት ገበሬዎች ተነጋግረው ማሳቸውን አጠገብ ለአጠገብ በገንቢ በቆሎ ቢሸፍኑት ይመረጣል። ለልጆች የሚቀመጠው ከማሳው መሐል ይሰብሰብ። ለዘር የሚባዛ ማሳ ከሌላ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር መራቅ አለበት። የድቅል ዝርያ ዘር በየዓመቱ አዲስ ይገዛ።

ለ) በጎተራ፦ ገበያ ላይ ለገንቢ በቆሎ የተለየ ዋጋ ካልተከፈለ፣ አባወራው ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ቢሸጠው አያስገርምም። ስለዚህ ምርቱ ገና ሲገባ ባልና ሚስት ተመካክረው እስከሚቀጥለው መኸር ለልጆች የሚበቃውን በሌላ ጆንያ ያስቀምጡ፤ ጆንያውንም በቀለም ወይም በክር ምልክት ያድርጉበት። ማኅበራትም ዘሩን በጊዜ ማዘዝና በመጋዘን ለይተው ማስቀመጥ ይገባቸዋል።

ሐ) በማዕድ ቤት፦ የልጁ እህል ለብቻው ይፈጭ፤ ገንፎው በራሱ ሳሕን ይቅረብለት። ከትላልቆች ጋር ከአንድ ገበታ የሚበላ ትንሽ ልጅ ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም።

ማስጠንቀቂያ

ገንቢ በቆሎ ወተትን፣ እንቁላልን፣ ጥራጥሬንና አትክልትን አይተካም። የእናት ጡትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይገባል። አቅም የፈቀደለት ቤተሰብ በገንፎው ላይ እነዚህን ምግቦች ይጨምር። የገንቢ በቆሎ ጥቅም ይበልጥ የሚታየው ግን እነዚህ በማይገኙበት ቤት ነው።

ማጠቃለያ

ተመራማሪው ዘሩን ያወጣል፤ ማኅበሩ ያደርሳል፤ ገበሬው ያመርታል። ሕፃኑ ካልበላው ግን የሁሉም ድካም ግማሹ ከንቱ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቤት ለቤት ሲዞር ስንት ኩንታል ተገኘ ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ የልጁ ዱቄት ከየትኛው ጆንያ እንደሚወጣ እናቲቱንም አባትየውንም ይጠይቅ። ለአካባቢው የሚስማማውን ዝርያ በሚመለከት በአቅራቢያው ከሚገኝ የምርምር ማዕከል ምክር ማግኘት ይቻላል።