ሰርዶንና እንግጫን ሰብል ከሌለበት መሬት ላይ በፀረ አረም መድኃኒት ስለ መቆጣጠር

መግቢያ

የእርሻ ድንበር፣ የመንገድ ዳር፣ የመጋዘን ግቢና ጦም ያደረ መሬት ሰርዶና እንግጫ የሚራቡባቸው ቦታዎች ናቸው። አረሞቹ ከነዚህ ቦታዎች ወደ ማሳ እየተሳቡ ስለሚገቡ፣ ማሳውን ብቻ ማረም ፍጻሜ የሌለው ድካም ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መድኃኒቱን ሳያባክኑና ጉዳት ሳያደርሱ የሚጠቀሙበትን መንገድ እናስረዳለን።

1. አስቸጋሪነታቸው ከምን የመጣ ነው?

ሰርዶ በምድር ላይም በምድር ውስጥም እየተሳበ የሚያድግ ግንድ አለው። በየአንጓው ሥርና ቡቃያ ስለሚያወጣ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ በማረሻ ወይም በዶማ የተቆረጠው ቁራጭ ሁሉ አዲስ ተክል ሊሆን ይችላል። እንግጫም በሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ይቋጥራል፤ ቅጠሉ ቢነቀል ከእባጩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ የነዚህ አረሞች ሕይወት ያለው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው።

2. የመድኃኒቱ ምርጫ

ግላይፎሴት በቅጠል ገብቶ፣ ተክሉ ምግቡን በሚያመላልስበት መንገድ እስከ ሥር ይወርዳል። ቱ-ፎር-ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች እንጂ ሰርዶን አይገድልም። ፓራኳት የነካውን ቅጠል ብቻ ስለሚያቃጥልና ለሰው እጅግ መርዛማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አንመክረውም።

3. የመርጫ ጊዜ

ለውጤቱ ወሳኙ መድኃኒቱን ማብዛት ሳይሆን ጊዜውን መጠበቅ ነው። አረሙ ለምለም ሆኖ በማደግ ላይ ሳለ፣ በተለይ ማበብ ሲጀምር ይረጫል። በደጋና በወይናደጋ ይህ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ነው። በበጋ የጠወለገ ወይም አቧራ የለበሰ ቅጠል መድኃኒቱን በሚገባ አይቀበልም።

ሀ/ ከመርጨት በፊት አረሙ አይታጨድ፤ መድኃኒቱ የሚገባው በቅጠሉ ነውና።
ለ/ ከተረጨ በኋላ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ዝናብ የማይጠበቅበት ቀን ይመረጥ።
ሐ/ ከተረጨ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አይታረስ፣ አይታጨድ፣ ከብትም አይግባበት።

ቅጠሉ ቢጫ መሆን የሚጀምረው ከሳምንት በኋላ ነው። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ለውጥ ባለማየቱ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደግማል፤ ይህ ገንዘብ ማባከን ነው። ከአንድ ወር በኋላ የሚያቆጠቁጥ ካለ ግን በዚያው ቦታ ብቻ ይደገማል። ተኝቶ የከረመ የእንግጫ እባጭ በሚቀጥለው ክረምት ስለሚበቅል ክትትል ያስፈልገዋል።

4. መጠንና ውሃ

መጠኑ ሁልጊዜ ከመያዣው መለያ ጽሑፍ ይወሰዳል። መርጫውን ለመለካት 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬት በንጹሕ ውሃ ይረጫል፤ የወሰደው ውሃ በ100 ሲባዛ የሄክታሩ ይገኛል። ለምሳሌ 2 ሊትር ከወሰደ ለሄክታር 200 ሊትር ነው። የታዘዘው መድኃኒት በሄክታር 4 ሊትር ቢሆን፣ 15 ሊትር ለሚይዝ መርጫ 300 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። የደፈረሰ ውሃ አይጠቅምም፤ ግላይፎሴት ከጭቃው ጋር ስለሚጣበቅ ኃይሉን ያጣል።

5. ጥንቃቄ

ግላይፎሴት የነካውን አረንጓዴ ተክል ሁሉ ስለሚጎዳ፣ ነፋስ ባለበት ሰዓት ወይም ከሰብል ጎን አይረጭ። ውሃ ወደሚሄድበት ቦይና ወደ ምንጭም አይጠጋ። የእርከን ካብንና የቦይ ዳርን አፈር አቅፎ የያዘ ሰርዶ አይነካ፤ እርሱ ከጠፋ ጎርፉ አፈሩን ይወስደዋል። በዚያ ቦታ ወደ ማሳ የገባውን ብቻ በእጅ መልቀም ይሻላል።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን ምናልባት በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል፤ ሌሎች ተቆጣጣሪ አካላት በዚህ አይስማሙም። ሆኖም ክርክሩ እስኪያበቃ ሳይጠበቅ፣ የሚረጨው ሰው ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ረጅም ልብስና የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ ሥራውን ሲጨርስ ገላውንና ልብሱን በሳሙና ይታጠብ።

ባዶው ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይጨመራል፤ ከዚያም ጀሪካኑ ይበሳል። የመጠጥ ውሃ፣ ዘይት ወይም ጠላ ፈጽሞ አይያዝበት። ማኅበራት መድኃኒቱን ከእህልና ከልጆች አርቀው በተቆለፈ ቦታ እንዲያስቀምጡ፣ የተረጨበትን ቀንና ቦታ እንዲመዘግቡ፣ ረጪዎቻቸውንም አስቀድመው በውሃ ብቻ እንዲያለማምዱ እናሳስባለን።