የእጅ መድረስ ብቻ የክንድን መዳን አያረጋግጥም

ጎበዝ ገበሬ የሚመዘነው ባረሰው ማሳ ስፋት ብቻ ሳይሆን በትልሙ ጥልቀትና ቀጥተኛነትም ነው። በስትሮክ ክንዱ የደከመ በሽተኛም ማገገሙ የሚለካው በዚሁ ዓይን ነው። እጁ ኩባያው ዘንድ ቢደርስም፣ ክርኑን ሳይዘረጋ ጎንበስ ብሎ ከሆነ ሥራውን የሠራው ወገቡ እንጂ ክንዱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1975 በስዊድን የወጣው የፉግል-ማየር መለኪያ ላልተቻለ እንቅስቃሴ 0፣ በከፊል ለተቻለ 1፣ በሙሉ ለተቻለ 2 ነጥብ ይሰጣል። የክንድና የእጅ ከፍተኛ ድምር 66 ነው። መንቀጥቀጥና ፍጥነትም ይታያሉ።

ወገብ የክንድን ሥራ ከለመደ ክንዱ ድካሙን ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ከሕክምና የተመለሰውን ገበሬ ዕርፍ ከማስጨበጥ በፊት፣ ትከሻውና ወገቡ ክንዱን ተክተው እንዳይሠሩ አስተውለው ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባቸዋል።