ሐረገ ትውልድና ግብር፤ ስለ ሐዋሳ ውሾች

በሐዋሳ ከተማ ቤት ሠርቶ ግቢውን ያጠረ ሰው ዘበኛ ውሻ በሚሻበት ጊዜ፣ በአንድ ወገን ጆሮው የቆመና በብዙ ብር የሚሸጥ የጀርመን እረኛ ውሻ ዘር፣ በሌላ ወገን ደግሞ ከጎረቤት በነጻ የሚገኝ፣ «የሐበሻ» ከመባል በቀር ሌላ መዓርግ የሌለው የአገር ውሻ ይቀርቡለታል።

የፊተኛው ክብር ከግብር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የፈረሰኛ ጦር መኰንን የነበረው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ ሆራንድ የተባለውን ውሻ ገዝቶ የዘሩን መዝገብ በእርሱ ሲከፍት፣ ከመልክ አስቀድሞ የተመለከተው የእረኝነት ብቃትን ነበር፤ የመሠረተው የዘሩ ማኅበርም ውሾች ዱካ በመከተል፣ ትእዛዝ በመስማትና በመከላከል የሚፈተኑበትን ሥርዓት አቆመ። ኋላ ግን በትርዒት አደባባይ መልክ ሲነግሥና ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል፣ የዳሌ መጋጠሚያ ጉድለት ከወላጅ ወደ ልጅ ተላለፈ። ወደ እኛ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ መልኩ ብቻ ነው፤ ለሥራ የተፈጠረውን እንስሳ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስረን ቁጡ ሲሆን ጀግና እንለዋለን፤ ይህም በእኔ አስተያየት በደል ነው።

የአገሩ ውሻ ግን በሲዳማ ገጠር ጅብን ከበረት እየመለሰ ፈተናውን በየሌሊቱ ያልፋል። ጌታው ጥሎት በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አባ ኮዳ ከተባለው አሞራ ጋር የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻማ ስናየው፣ ጥፋቱ የእርሱ ይመስለናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ፣ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ሲደነግግ፣ በከተሞቻችን የቆየው ልማድ ግን የባዘነውን ውሻ በሥጋ በተሸሸገ መርዝ መግደል ነው። መርዙም የተከተበውንና ያልተከተበውን ሳይለይ ይፈጃል፤ በባዶው ሰፈር ወዲያው ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ይገቡበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብን የሚመክረው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ከሰው አልፎ ለዱር አራዊትም ይተርፋል፤ ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ በባሌ ተራሮች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ከእረኞች ውሾች ተላልፎ በወብ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኛዎቹን ጨርሷል፤ የቀሩት በኢትዮጵያ ምድር ሁሉ ተቈጥረው 500 እንኳ አይሞሉም።