ጉልበቱ የሚመጣው ከአየር ነው፦ የዳትሰን 240ዜድን ሞተር በልክ ማጎልበት

እ.ኤ.አ. በ1971 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፉት ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር ሲሆኑ የነዱትም የጃፓኑን ዳትሰን 240ዜድ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የኡጋንዳው ተወላጅ ሼካር መህታ ከረዳቱ ከሎፍቲ ድሩስ ጋር በዚሁ ዓይነት መኪና ድሉን ደገመ። ኮፈኑ የረዘመ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ለለስላሳ አስፋልት የተሠራ የሚመስል የስፖርት መኪና ነው፤ ጭቃና ኮረኮንች ላይ እንዲህ መጽናቱ ዛሬም ያስገርማል። ከኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ኤል24 ይባላል። መኪናው ሃምሳ ዓመት አልፎት የሰብሳቢዎች ሀብት ከሆነ በኋላም ባለቤቶቹ የሚጠይቁት ጥያቄ አልተለወጠም፤ የሞተሩን ጠባይ ሳናበላሽ ትንሽ ጉልበት ልንጨምርበት እንችላለን?

ይቻላል። ነገር ግን ምን ዕቃ ልግዛ ከማለት በፊት ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይቀድማል።

ሞተሩ የሚውጠው

ኤል24 ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ የቤንዚን ሞተር ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት 83 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ ደግሞ 73.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስድስቱ ሲደመሩ 2,393 ሲሲ ይሆናሉ። በዚህ አሰላለፍ የሚወጡት ፒስተኖች ከሚወርዱት ጋር ስለሚመዛዘኑ ንዝረታቸው እርስ በርሱ ይጣፋል። ክራንክሻፍቱ 120 ዲግሪ በዞረ ቁጥር አንድ ሲሊንደር ስለሚቀጣጠልም ግፊቱ ሳይቆራረጥ ይደርሳል። ክራንክሻፍቱ ራሱ በሰባት ቦታ ተደግፏል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ራሱን የማያናጋውና ለማጎልበት የሚመቸው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው ቁጥር በደቂቃ 5,600 ዙር ላይ 151 ፈረስ ጉልበት ነው። በዚያ ፍጥነት ምን ያህል አየር እንደሚያልፍ እናስላ። ባለ አራት ምት ሞተር ሲሊንደሮቹን ሁሉ አንዴ ለመሙላት ሁለት ዙር ይፈጅበታል። ስለዚህ በደቂቃ 2,800 ጊዜ 2.4 ሊትር ገደማ ይስባል፤ ሲሊንደሮቹ ጢም ብለው ቢሞሉ ወደ 6,700 ሊትር አየር ማለት ነው። ይህ አየር በባሕር ጠለል ከፍታ 8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ጥሩ ጉልበት ለማግኘት ለ13 ኪሎ አየር 1 ኪሎ ያህል ቤንዚን ስለሚያስፈልግ፣ ከዚያ ሁሉ አየር ጋር የሚቃጠለው ቤንዚን ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም።

ቤንዚን መጨመር ለማንም አይከብድም፤ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ማስፋት ይበቃል። የሚያስቸግረው አየሩ ነው። የሚገፋው መሣሪያ ስለሌለ ፒስተኑ ሲወርድ በሚፈጥረው ክፍተት ብቻ ይገባል። በመንገዱ ላይ ማጣሪያው፣ ካርቡራተሩ፣ ቱቦው፣ ቫልቩ እየተቀባበሉ ያስቸግሩታል፤ ሲወጣም የጭስ ቱቦውና ማርሚታው ይጠብቁታል። ሞተር ማጎልበት ማለት በአብዛኛው እነዚህን በሮች በተራ ማስፋት ነው። አንዱ በር ሲሰፋ መጨናነቁ ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ጠባቡ በር ሌላ ሆኖ ሳለ ሰፊውን የበለጠ ያሰፋ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ለውጥ የማያየው ለዚህ ነው።

ከፍታ የሚቀንሰው

አየሩ ራሱ ስስ ከሆነስ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚስበው መጠን አልተለወጠም፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ቀንሷል። በባሕር ዳርቻ 151 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ120 ብዙም አይዘልም። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ናይሮቢም ኪሳራው ከስድስት አንድ እጅ ይጠጋል። 151 የሚለው ቁጥርም ቢሆን የዘመኑ አለካክ ውጤት ነው፤ ሞተሩ ማርሚታና ሌሎች ሸክሞቹ ሳይገጠሙለት በመፈተሻ ላይ ተለክቶ የተጻፈ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው።

ከፍታ የቅልቅሉንም ሚዛን ያዛባል። የ240ዜድ ሁለት ሂታቺ ካርቡራተሮች የእንግሊዙን የኤስዩ አሠራር የተከተሉ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ተንሸራታች ፒስተን በአየሩ ፍሰት ልክ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ከሥሩ የተሰካው መርፌ የቤንዚኑን ቀዳዳ ይከፍታል ይዘጋል። ይህ ዘዴ የአየሩን ክብደት በቀጥታ አይለካም። አየሩ በአንድ አምስተኛ ሲሳሳ ቅልቅሉ በስሌት በ12 በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል። ምልክቱ በጥቁር ጥላሸት የተሸፈነ ካንዴላ፣ የጭስ ሽታና የሚያንቀላፋ መኪና ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ይዞ ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው ስለዚህ ትልቅ ዕቃ ሳይገዛ፣ የቤንዚኑን ቀዳዳ በማስተካከልና አስፈላጊ ከሆነም መርፌውን በመቀየር ብቻ የጠፋበትን ጥቂት ጉልበት ያገኛል።

መጀመሪያ ጤናው

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከመጀመሪያ ጉልበቱ ሳይቀንስ የቆየ ሞተር ብርቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ነው። የስድስቱ ሲሊንደሮች የመጭመቅ ግፊት ተለክቶ ይነጻጸራል፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ቫልቩ ወይም የፒስተኑ ፋሻ እያስመለጠ ነው። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ሙቅ ሳለ በማስገቢያው በኩል 0.25፣ በማስወጫው በኩል 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሁለቱ ካርቡራተሮች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሲሊንደር ስለሚመግቡ እኩል መክፈታቸው ይታያል፤ ካልተመጣጠኑ ግማሹ ሞተር የሌላውን ሸክም ይጎትታል፣ ሚኒሞውም ይረበሻል።

ቀጥሎ እሳቱ። ቅልቅሉ ሲቀጣጠል ነበልባሉ እስኪስፋፋ ጊዜ ይወስዳል፤ ለዚህም ሲባል ካንዴላው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ቀድሞ ይተኩሳል። በደቂቃ 5,600 ዙር ላይ 34 ዲግሪ ቀደም ማለት አንድ ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። የአሮጌው ሞተር ፑንቲና እየተበላ ሲሄድ ይህ ሰዓት ይንሸራተታል። ብዙዎች በኋላ ለመጣው ለ280ዜድኤክስ የተሠራውን ኤሌክትሮኒክ የእሳት አከፋፋይ ይገጥማሉ። አዲስ ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለው ግን እንዳይባክን ይጠብቃል። ደጋ ላይ እፍጋቱ ያነሰ ቅልቅል ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል እሳቱን በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይጠቅማል። ሲበዛ ግን ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳት ፒስተን ይበሳል።

ጭሱ የሚወጣበት መንገድ

በልክ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ሳይንሱ ይበልጥ የሚያምረው የጭስ ቱቦው ላይ ነው። የኤል24 ሲሊንደሮች የሚቀጣጠሉት በ1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ተራ ነው። ቁጥሮቹን ልብ ይበሉ፤ አንድ ከፊተኞቹ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ ከኋለኞቹ ሦስት እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ስለዚህ 1፣ 2 እና 3ን በአንድ ቱቦ፣ 4፣ 5 እና 6ን በሌላ ቱቦ ብናሰባስብ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ጭሱ በእኩል 240 ዲግሪ ልዩነት ያልፋል። አንዱ የሌላውን መንገድ አይዘጋም።

ከዚህም በላይ ጥቅም አለው። የጭሱ ግፊት በቱቦው ሄዶ ሰፋ ያለ ቦታ ሲደርስ ወደ ኋላ የሚመለስ የዝቅተኛ ግፊት ሞገድ ይፈጥራል። ይህ ሞገድ የማስወጫው ቫልቭ ሊዘጋ ሲል፣ የማስገቢያው መከፈት ሲጀምር ከደረሰ የቀረውን ጭስ ጠርጎ አዲስ አየር ይስባል። ሞገዱ በጊዜው የሚደርሰው ግን ከቱቦው ርዝመት ጋር በሚስማማ ዙር ብቻ ነው። ረጅም ቱቦ በዝቅተኛ ዙር፣ አጭር ቱቦ በከፍተኛ ዙር ያግዛል። ለመንገድ መኪና ረዘም ያለው ይመረጣል። የቱቦውን ስፋት ማብዛትም የጭሱን ፍጥነት ስለሚገድል ድምፅን እንጂ ጉልበትን አያሳድግም።

ካርቡራተርና ካምሻፍት

ሦስት ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራተር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ጉሮሮ መግጠም የብዙዎች ህልም ነው። ለእሽቅድምድም ተገቢ ነው። በከተማ ዙር ግን ጉሮሮው ከሰፋ አየሩ ይዘገያል፣ ቤንዚኑም በደንብ ሳይበተን በጠብታ ይገባል፤ መኪናው ሲረገጥ ይደነቃቀፋል። በጥሩ ሁኔታ ያሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርቡራተሮች በልክ ለተጎለበተ ሞተር ይበቃሉ። የተሻለው ውሳኔ ለአሜሪካ ገበያ የወጡትን የ1973 ሞዴሎች ይመለከታል፦ የጭስ ብክለት ደንብ ያመጣባቸውን ካርቡራተሮች በቀድሞዎቹ ክብ አናት ባላቸው መተካት።

ካምሻፍት ቫልቮቹ መቼ ተከፍተው መቼ እንደሚዘጉ ይወስናል። ቫልቮቹን ለረጅም ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት በከፍተኛ ዙር ብዙ አየር ያስገባል። በዝቅተኛ ዙር ግን ሁለቱ ቫልቮች አብረው ክፍት የሚቆዩበት ጊዜ ስለሚረዝም ጭሱ ወደ ማስገቢያው ይመለሳል፤ ሚኒሞ ይንገጫገጫል፣ ዳገት ላይም ጉልበት ይጠፋል። እዚህ ላይ የሚገኘው ትርፍ በአብዛኛው ከታች ተወስዶ ላይ የተጨመረ ነው። በተጨማሪም በዚህ ሞተር ላይ ካምሻፍት ሲቀየር የሮከሮቹ መደገፊያ ውፍረት አብሮ ካልተስተካከለ ካሙ ሮከሩን ከጠርዙ ይበላዋል።

የመጭመቅ ምጣኔን ከ9 ወደ 10 ማሳደግም ይነሳል። በንድፈ ሐሳብ የሚያስገኘው ብልጫ 3 በመቶ ያህል ነው፤ ለዚያ ሲባል ሞተር መክፈት የሚያዋጣው ሌላ ምክንያት ካለ ብቻ ነው።

ትልቁ በር

ከታችም ከላይም ሳይሰርቅ ጉልበት የሚጨምረው የሞተሩ ይዘት ነው። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ኤል28፣ በ86 ሚሊ ሜትር ስፋትና በ79 ሚሊ ሜትር ምልልስ 2,753 ሲሲ ነው፤ ያለ ብዙ ለውጥም በ240ዜድ ኮፈን ሥር ይገጠማል። ከኤል24 በ15 በመቶ ይበልጣልና በየዙሩ በ15 በመቶ የበለጠ አየር ይስባል። ስሌቱ ግን ልክን ያስተምራል። በ15 በመቶ የበለጠ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚስበው አየር ትንሹ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚስበው በ8 በመቶ ገደማ ያንሳል። የከፍታውን ኪሳራ ሁሉ የሚመልሰው አየሩን በግፊት የሚያስገባ እንደ ተርቦ ያለ መሣሪያ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በልክ ማጎልበት ከሚባለው ወጥቷል። ሞተር የሚቀይር ሰውም የመጀመሪያውን ማስቀመጥ አለበት፤ የሞተሩ ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙ ለሰብሳቢ ትልቅ ዋጋ አለውና።

ጉልበት በጨመረ ቁጥር ሙቀትም ስለሚጨምር ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ከኋላ በታንቡር የሚሠራው ፍሬን አብረው ይፈተሻሉ። ለውጦቹም አንድ በአንድ ይደረጉ። ዕቃ በተቀየረ ቁጥር የካንዴላው ቀለም ይታይ፤ መኪናውም በአንድ ማርሽ በአንድ የታወቀ ዳገት ላይ በሰዓት ይለካ። ለውጡ ሰዓቱን ካላሳጠረ ጠባቡ በር ሌላ ቦታ ነው፤ ዕቃውን ከመመለስ በፊት እሱን መፈለግ ይገባል። የ240ዜድ ባለቤት በየቀኑ የሚነዳው ከ2,000 እስከ 4,000 ዙር መካከል ከሆነ፣ ጤናው የተጠበቀ ሞተር፣ የማይንሸራተት እሳት፣ ለከፍታው የተስተካከለ ካርቡራተርና ረዘም ያለ የጭስ ቱቦ ይበቁታል። ካምሻፍት ለመቀየር የሚያስገድድ ምክንያት የሚኖረው ከ5,000 ዙር በላይ ዘውትሮ ለሚነዳ ብቻ ነው።