ፊደል ያልቆጠሩ ምሁራን የሚመረቁበት ትምህርት

«የአውሬ ዳና ማንበብም ትምህርት ሆኖ ገንዘብ ይከፈልበታል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዎን፣ ይከፈልበታል! አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተጉዘው ይማሩታል፤ ይፈተኑበታልም።

የነገሩ ጠንሳሽ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሊበንበርግ ነው። ከካላሃሪ የሳን አዳኞች ጋር ውሎ አድሮ የቀሰመውን እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፍ አሳተመ፤ የሳይንስ መነሻው ዳና ማንበብ ነው ሲልም ተከራከረ። በ1994 ፈተናው ተጀመረ። ዛሬ ሳይበርትራከር በሚል ስም ይታወቃል።

ፈታኙ አሸዋው ላይ ያለውን ዳና ያከብብና «የማን ነው?» ይላል። ጥፍር ካልታየ የነብር ሊሆን ይችላል፤ ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሸሽጋልና። ጥፍር ከታየ ደግሞ ጅብ ወይም የውሻ ወገን ይጠረጠራል። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይተልቃል። ቀላሉን ጥያቄ የሳተ 3 ነጥብ ሲቀነስበት፣ ከባዱን የሳተ 1 ብቻ ይቀነስበታል። 70 ከመቶ ያመጣ የመጀመሪያውን ደረጃ ያገኛል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ዳና ተከታይ እንደ ተራ የቀን ሠራተኛ ይቆጠር ነበር። ይህ ፈተና ግን ዓይንና አንደበት እንጂ ብዕር አይጠይቅም። ስለዚህ ያልተማረ የተባለው ሰው የምስክር ወረቀት ይዞ የተሻለ ደመወዝ ለመጠየቅ በቃ።

በሰሜን ተራሮች ዋልያን፣ በባሌ ቀይ ቀበሮን ሲጠብቁ ያረጁ ወገኖቻችንስ? ዕውቀታቸውን ማን መዘነው? ባሕር ማዶ ለዚህ ትምህርት ከመክፈላችን በፊት፣ አገር ቤት ስንገባ አንድ ሽማግሌ እረኛ እንጠይቅ። እሱ ሲያልፍ ትምህርት ቤቱም አብሮት ይዘጋልና።