ከቀበና እስከ አፋር በረሃ

ሰው የሩቁን አገር ለማወቅ ሲናፍቅ በደጁ የሚያልፈውን ሳያስተውል ይቀራል። እኛም ባራዳ ተቀምጠን የባሕር ማዶ ወሬ ስንጠያየቅ፥ ከእንጦጦ ወርዶ በአቅራቢያችን የሚያልፈው የቀበና ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ ለልጆቻችን አልነገርናቸውም። ቀበና ከአቃቂ ይገባል፤ አቃቂም ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ቀይ ባሕርን ሳያይ በአፋር በረሃ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

ቀድሞ የደንከል በረሃ ይባል የነበረው ይህ አገር ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አለበት። የባሕሩ ዳር ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የኤርትራ ግዛት ነው፤ ነገር ግን በወዲህ በኩል ያለው ዝቅተኛ ምድር ራሱ ባሕር ነበረ። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ሸፍኖት ኖሮ፥ መግቢያው በተዘጋ ጊዜ ውሃው በፀሐይ ተነነና ጨው ቀረ። ምድሩ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፥ በዳርቻው የባሕር ፍጥረት ቅሪት ድንጋይ ሆኖ ይታያል።

በዳሎል የፈላ ውሃ ጨውንና ድኝን ይዞ ከምድር ውስጥ እየወጣ መሬቱን ብጫና አረንጓዴ ያደርገዋል። በ1950ዎቹ በተለካው መሠረት የዚያ ስፍራ የዓመት አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ተኩል ያህል ነበር። ከዚያ በስተደቡብ ቁመቱ 613 ሜትር የሆነ ኤርታሌ የሚባል የእሳት ተራራ አለ፤ በአፉም የቀለጠ ዓለት ሲንተከተክ ብዙ ዘመን ታይቷል።

የአሳሌ ጨው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሠራተኞች በዚያ ሐሩር ንጣፉን በእንጨት ፈንቅለው፥ በመጥረቢያ ጠርበው፥ በግመል ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ ሲሰዱት ኖረዋል። ገበያው በጠላት ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ሳይዛወር በፊት፥ አያቶቻችን ባራዳ ሲሸጡና ሲለውጡ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ነበረ። ለወጥ ቁንጥር የምናደርገው ጨው የስንት ሰው ላብ እንደ ሆነ ለልጅ መንገር መልካም ነው።

ደግሞም በአዋሽ ዳር፥ ሐዳር በተባለው ስፍራ፥ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆናት የድንቅነሽ አፅም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ተገኘ። አፅሟም ከፒያሳ ብዙ በማይርቀው በብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል። በእሑድ ቀን ልጆችን ይዞ መሄድ ስንቅም ግመልም አያሻውም።

እንግዲህ አንድ ነገር እናሳስባለን። በፍርድ አደባባይ ስለ ውሃ የሚከራከሩ ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከላይ ያለው ቢያደፈርስ ከታች ያለው ይከሰዋል። እኛ በቀበና ላይ ጥራጊና እድፍ ስንደፋ ግን፥ ከአዋሽ ቀድቶ የሚጠጣው ገበሬና ግመሉን የሚያጠጣው አፋር ሩቅ ናቸውና ከሳሽ ሆነው አይመጡም። ከሳሽ ባይቀርብም በደሉ በደል ነው። ስለዚህ የቤት እመቤት ጥራጊዋን ከወንዙ እንዳትጥል፥ አባትም ልጁን በድልድዩ ላይ አቁሞ የውሃውን መንገድ እንዲያሳየው እንለምናለን።