ብሬከሩ የማያየው ትኩሳት

በግቢው በር አጠገብ የተሰቀለው ቆጣሪ ላይ ላዩን ሲታይ ጤነኛ ነው። ቁጥሩ ይሮጣል፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ጎንበስ ብሎ ገመዶቹ የሚገቡበትን የታችኛውን ክዳን ያየ ሰው ግን ነጩ ፕላስቲክ በአንድ ጎኑ የሻይ ቀለም ይዞ ያገኘዋል። ጠጋ ሲሉት የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ቆጣሪ ሲቃጠል የግቢው ሰው ፍርድ ያለቀለት ነው፦ «ከፍተኛ ኃይል መጣ»። ሊጠግን የመጣው ባለሙያ ደግሞ «ጭነት አብዝታችሁ ነው» ይላል። ይህ ሙግት «መብራት ኃይል» የምንለው ተቋም በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከመከፈሉ በፊትም ነበር፣ ዛሬም አለ። ሦስተኛውን ተጠርጣሪ፣ የላላውን ብሎን፣ ስሙን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። በጋራ ቆጣሪ ሁለት ጎረቤቶች እኩል ቢጋግሩ 32 ይሆናል። ብሎኑ ጥብቅ ከሆነ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ያልፋል። ላልቶ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ የምታህል መሰናክል ብትፈጠር ግን እዚያችው ነጥብ ላይ 100 ዋት ሙቀት ይወጣል። የድሮውን ባለ 100 ሻማ አምፖል በርቶ ሳለ በእጁ የነካ ያውቀዋል፤ እዚህ ደግሞ ሙቀቱ የታመቀው ከጣት ጫፍ በማይበልጥ ቦታ ነው። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ያድጋል።

ብሬከሩስ? እሱ የሚቆርጠው አምፔሩ ከልክ ሲያልፍ ነው፤ እዚህ አምፔሩ ምንም አልሆነም። የጎደለው 3 ቮልት ብቻ ስለሆነ የምትጋግረዋም ሴት አታውቅም።

ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ አሉሚኒየም ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፣ በብሎኑ ግፊትም ቀስ በቀስ ይሳሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ማቀዝቀዣው፣ ሳይነቀል የቀረው ምጣድና ምድጃው ሁሉ በአንዴ ይነሳሉ። የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሳ ብቻውን ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል።

ጠባሳውን ማንበብ የሚችል ባለሙያ ሙግቱን ይዳኛል። ከገመድ መግቢያው ጀምሮ ወደ ላይ የተዛመተ ቡናማነት፣ የደረቀና የተሰነጣጠቀ የገመድ ሽፋን፣ የጠቆረ ብሎን ካለ ለወራት ሲግል የኖረ መገጣጠሚያ ነው። መግቢያው ንጹሕ ሆኖ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ላይ አንድ ክፍል ፈንድቶ ጥቀርሻ ከረጨ፣ ያኔ «ከፍተኛ ኃይል መጣ» ያለው ጎረቤት እውነቱን ነው።

የሚገርመኝ የምርመራው ሰዓት ነው። ማንም በማይጋግርበት ረፋድ መጥቶ ቆጣሪውን በእጁ ዳሶ «ደኅና ነው» የሚል አለ። ሙቀት የሚያሳየው ካሜራ እንኳ ጭነት በሌለበት የሚያሳየው ነገር የለም። ምጣዱ ከተጣደ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው አጠገብ ለአጠገብ ያሉትን መግቢያዎች ማነጻጸር ነው፤ አንዱ ከጓደኞቹ በግልጽ ከጋለ ተገኘ። ለቤተሰቡ የቀሩት ምልክቶች ሽታ፣ የቀለም ለውጥ፣ እዝ የሚል ድምፅና ምጣድ ሲበራ የሚርገበገብ አምፖል ናቸው። እሽጉን መክፈት የእነሱ ሥራ አይደለም፤ ሕግ ብቻ ሳይሆን ነፍስም አለበት።

የሰፈር ኤሌክትሪሻን ሲጠራ የተቃጠለውን የገመድ ጫፍ ይቆርጥና ንጹሑን እዚያው በጠቆረው ብሎን ያስረዋል። ግሎ የለሰለሰ ብረት እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይይዝም። ሽታው በሚቀጥለው የጋገራ ቀን፣ ወይም ከዚያ በኋላ ባለው፣ ተመልሶ ይመጣል።